ወንዱ አይለዋወጥም

መምህራችንን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል። ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ተምሮ ሲመለስ የፍራፍሬ ዝንቦቹን በብልቃጥ አድርጎ፥ እንዳይበርዳቸው ብልቃጡን በካፖርቱ የውስጥ ኪስ ሸጉጦ ነው ባሕር ዳር የገባው ይባል ነበር። ለሰው እንዲህ ሲሳሳ አይቼው አላውቅም። ዝንቦቹ ልዩ ነገር እንዳይመስሏችሁ፤ አተላ ሲደፋ የሚሰበሰቡት፥ የበሰለ ሙዝ የትም ቢደበቅ የማይስቱት ቀይ ዓይን ትንኞች ናቸው። ሰው በቤቱ በእጁ እያራገበ የሚያባርራቸውን እኛ ኮሌጅ ውስጥ በጠርሙስ እንቀልብ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር የምናገኘው በቀበሌ ተሰልፈን ነው፥ እሱም ሲመጣ። የዝንቦቹ ገንፎ ግን ከስኳር፥ ከበቆሎ ዱቄት፥ ከእርሾና ከሙዝ ይሠራ ነበር፤ የማማስለውም እኔ ነበርሁ። እናቴ ሻይዋን ባዶውን እየጠጣች እኔ ለትንኝ ስኳር እበጠብጣለሁ። አንድ ቀን ማማሰያውን ስልስ መምህራችን ደረሰብኝ። «ለአንቺ አልተመደበም» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

በቤተ ሙከራው ውስጥ ረዳቶች የነበርነው ሁለት ነን፤ እኔና አብሮኝ የተመረቀ ጓደኛዬ። እሱ የሰባታሚት ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፥ ሳቂታ፥ ድምፁ ጎላ ያለ። በሰልፍ ቀን መፈክር የሚያስጮሁት እሱን ነበር። እሸት በቆሎ ሲደርስ ከቤቱ በከረጢት አምጥቶ፥ የዝንቦቹን ማደንዘዣ ኤተር በምንደፋበት ጠረጴዛ ላይ አብረን እንግጥ ነበር። ሰፈርተኛው እኔን «የትንኝ ሚዜ» ብሎ ሲያሾፍብኝ እሱ ደግሞ «ሽማግሌው እኔ ነኝ» ይላል። በዚያን ጊዜ እወደው ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም።

እኔ የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበር፥ ሞቷል። እናቴን የዓይን ማዝ ብርሃኗን ወስዶባት፥ እዚያው ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትስመው፥ ዘመድ የምትጠይቀው በእኔ እጅ ተመርታ ነው። ምላሷ ስለታም ነው። ቄሱ ንባብ ሲስቱ ከሴቶች መቆሚያ ሆና ጮክ ብላ የምታርም ሴት ናት፤ እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ከእኔ ሌላ ያለቻት አንበሳሜ ያለች እህቷ ብቻ ስትሆን፥ ከእሷም ጋር በአባታቸው መሬት ነገር ከተኳረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። «እኔ ብሞት እንኳ ለቅሶዬ ላይ እንዳትደርስ» ትል ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን ሁለታችንንም ጠራን። «የረዳትነቱ ቦታ የተፈቀደው ለአንድ ሰው ነው። ሌላው በምደባ ይሄዳል» አለ። ምደባ ማለት ወዴት እንደሆነ በዚያ ዓመት የማያውቅ አልነበረም፤ ወደ ሰሜን፥ ጦርነት ያለበት ወረዳ፥ መምህራን ጥለውት የሸሹት ትምህርት ቤት ነው። እናቴን ይዤ የማልሄድበት፥ ጥያትም የማልሄድበት ቦታ። ጓደኛዬም መሄድ አልፈለገም፤ ማን ይፈልጋል?

«ማን እንደሚቀር ዝንቦቹ ይናገራሉ» አለና መምህራችን ፈገግ አለ። ፈገግታው ጥርሱ ሳይታይ ከንፈሩ ብቻ የሚሰበሰብ ነው። ከደመወዝ ቀን ይልቅ በሰው መቸገር ቀን ነበር የሚታየው።

ፈተናው እንዲህ ነው። የፍጡር ባሕርይ የሚወረሰው በክሮሞሶም ነው፤ ክሮሞሶም ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚኖር ክር ነው በሉት፥ አንዱ ከአባት፥ አንዱ ከእናት። እናቲቱ እንቁላል ስታዘጋጅ ሁለቱ ክሮች ጎን ለጎን ይጋደሙና ቁራጭ በቁራጭ ይለዋወጣሉ። ከአንደኛው አያት የመጣ ጥቁር ገላ፥ ከሌላኛዋ አያት ከመጣ ረጅም ክንፍ ጋር በአንድ ልጅ ላይ የሚገናኘው በዚህ ነው። ይህን ልውውጥ የሚያዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ዘረ መል አለ። እሱ ከተበላሸ ክሮቹ አይለዋወጡም፤ ካልተለዋወጡ በወጉ አይለያዩም፤ አንዱ እንቁላል ሁለቱንም ክር ይዞ ሌላው ባዶውን ይቀራል፥ አብዛኛውም ሳይፈለፈል ይሞታል። መምህራችን ይህን ሲያስተምር «የማይሰጥና የማይቀበል ቤት ዘሩ አይበረክትም» ይል ነበር። ጥሩ አነጋገር ነው፤ የሚያናድደው ከእሱ አፍ መውጣቱ ነው።

ለእያንዳንዳችን የራሳችንን ጠርሙስ ሰጠን። በአንደኛው ያሉት ዝንቦች ልውውጡ የታገደባቸው ናቸው፤ በሌላው ያሉት ጤነኞች ናቸው። የማን የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የሁለቱም ጠርሙስ ዝንቦች አንዱን ክር ጥቁር ገላና ድንክ ክንፍ ካለው ወላጅ፥ ሌላውን ቡናማ ገላና ረጅም ክንፍ ካለው ወላጅ የወረሱ ናቸው። የእኛ ሥራ ከጠርሙሱ ዝንብ አውጥተን፥ ጥቁር ገላና ድንክ ክንፍ ካላቸው ዝንቦች ጋር አዳቅለን፥ ከልጆቹ መካከል ቅይጥ መልክ ይገኝ እንደሆነ ማየት ነው። ጥቁር ገላ ከረጅም ክንፍ ጋር ከተገኘ ክሮቹ ተለዋውጠዋል፤ ጨርሶ ካልተገኘ ታግደዋል።

አድካሚው ነገር የሴቶቹ ጥበቃ ነው። ሴቷ ዝንብ ከቅርፊቷ በወጣች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተለየች ከወንድሞቿ ጋር ትገናኛለች፤ ከዚያ በኋላ ለፈተና አትሆንም። ስለዚህ ገላዋ ገና ነጣ ብሎ፥ ሆዷ ላይ ጠቆር ያለችው ነጥብ እያለች መልቀም ነው። በኤተር እናደነዝዛቸዋለን፥ በነጭ ሰሌዳ ላይ እንዘረግፋቸዋለን፥ በዶሮ ላባ ጫፍ ሴቱን ከወንዱ እንለያለን። ኤተሩ ከበዛባቸው ክንፋቸው ወደ ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ሞተዋል ማለት ነው። ያልተፈለጉትን የምንጥልባት የኑግ ዘይት ያለባት ሳህን ነበረች። መምህራችን የተበላሸ ሥራ ሲያገኝ ራሱ አይጥልም። «ነይ፥ አንቺው ጨምሪያቸው» ይልና እስኪሰጥሙ ቆሞ ያያል። አንዳንዱ ዝንብ ከመደንዘዙ ነቅቶ ዘይቱ ውስጥ እግሩን ያወራጫል። መጀመሪያ ይዘገንነኝ ነበር፤ በኋላ ለመድሁት፤ በመጨረሻ ጭራሽ ደስ ይለኝ ጀመር። በሰው ላይ መጨከን ባልችል በትንኝ ላይ እችል ነበር።

ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ እሸት በቆሎም ቀረ፥ ሽሙጡም ቀረ። ጓደኛዬ ጠርሙሶቹን በጨርቅ መሸፈን ጀመረ፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው መሥራት ጀመርሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የምንነጋገረው ላባ ስንዋዋስ ብቻ ሆነ። መምህራችን ይህን እያየ ከንፈሩን ይሰበስባል።

ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ንፋስ ዝንቦቹን ከሰሌዳው ላይ ጠርጎ ስለሚወስድ መስኮቱን ዘግተን ነበር የምንሠራው፤ ኤተሩም ራሳችንን ያዞረን ነበር። እንዲህ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ወደ ጓደኛዬ ጠረጴዛ ሄደ። ከተሰጠው ጠርሙስ የሚለቅመው ሴቶቹን አልነበረም፤ ወንዶቹን ነው። ወንዶቹን እየወሰደ ከጥቁር ገላ ሴቶች ጋር ያዳቅላል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«እያዳቀልሁ ነዋ።»

«የምትፈተነው እናትየዋ ናት እኮ። አንተ አባትየውን ነው ያስገባኸው።»

«ምን ልዩነት አለው? እንዲያውም ሰው የሚጠራ በአባቱ ነው። የማን ልጅ ነህ ቢሉኝ ያባቴን ስም እናገራለሁ እንጂ የናቴን እናገራለሁ?»

«ዝንብ የአባት ስም የለውም» አልሁት። «በእነዚህ ዝንቦች ወንዱ አይለዋወጥም። ጤነኛ ቢሆንም፥ የታገደ ቢሆንም፥ መቼም አይለዋወጥም። ክሩን እንደተቀበለው ነው ለልጁ የሚያስተላልፍ። የፈለገውን ያህል ብታዳቅል ከወንዱ ቅይጥ ልጅ አታገኝም።»

መምህራችን ይህን የተናገረው በአንድ ትምህርት መጨረሻ፥ ሰሌዳውን እያጠፋ፥ እግረ መንገዱን ነበር። ጓደኛዬ የዚያን ቀን አልነበረም፤ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ልምምድ ወስደውት ነበር። መጽሐፉ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፥ እሱም በመምህራችን ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል። ስለዚህ ለጓደኛዬ ያለው ማስረጃ የእኔ ቃል ነው፤ የእኔ ቃል ደግሞ የተፎካካሪው ቃል ነው። ላባውን አስቀምጦ ፊቴን ሲመረምር ቆየ።

«እንግዲህ የደከምሁበትን ሁሉ ዘይት ውስጥ ደፍቼ እንደገና ልጀምር፥ አንች ጨርሰሽ እንድትጠብቂኝ» አለ።

«እውነቴን ነው።»

«እኔም ባንች ቦታ ብሆን ይኸንኑ ነበር የምልሽ» አለና ሳቀ።

ሳቁ አንጀቴን አሳረረው። ሁለተኛ አልነገርሁትም። ያመነ ይድናል፤ ያላመነ ራሱ ያውቃል።

የእኔ ሴቶች እንቁላል ይጥላሉ፥ እንቁላሉ ግን ገንፎው ላይ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የሚፈለፈለው ጥቂት ነው፤ ከተፈለፈሉትም መካከል ቅይጥ አጣሁ። መምህራችን ጠርሙሶቼን ወደ ብርሃን አንሥቶ አገላበጣቸውና «መካን ለመካን ተገናኛችሁ» አለኝ። ባል እንደሌለኝና እንዳልወለድሁ ያውቃል። የጓደኛዬ ጠርሙሶች በልጅ ብዛት ተጨናንቀው ነበር፤ በእነሱም ውስጥ ቅይጥ የለም። ጥቁሩ ሁሉ ድንክ ክንፍ ነው፥ ቡናማው ሁሉ ረጅም ክንፍ ነው። ጥርት ያለ ውጤት ነበር፤ ስሕተትም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ጥርት ይላል።

ውጤታችንን የምንናገርበትን ቀን መምህራችን ከክፍሉ ሂስና ግለሂስ ጋር አገናኘው። ዘመኑን ለማያውቅ፥ ሂስና ግለሂስ በየመሥሪያ ቤቱ የሚደረግ ስብሰባ ነው፤ ሰው ጓዱን ይነቅፋል፥ ከዚያ ተነሥቶ ራሱን ይነቅፋል። «ጥፋት የለብኝም» ማለት ከጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነበር። መምህራንም ተማሪዎችም ተሰብስበው ነበር፤ ሰብሳቢው እሱ ራሱ ነው።

ጓደኛዬ ቀድሞ ተነሣና በዚያ በሚያምር ድምፁ፥ ልውውጥ የታገደባቸው ዝንቦች የእሱ እንደሆኑ ተናገረ። ቀጥዬ እኔ ተነሣሁና የታገዱት የእኔ ናቸው አልሁ። ሰዉ ሳቀ። አንዳችን እንደተሳሳትን ግልጽ ነበር።

«ጓድ» አለ መምህራችን ወደ እሱ ዞሮ፥ «ከጠርሙሱ አውጥተህ ያዳቀልኸው ሴቷን ነው ወንዱን?»

«ወንዱን።»

«ጮክ በል እንጂ። በሰልፍ ላይ ድምፅህ ጥሩ ነው።»

«ወንዱን።»

«በዚህ ዝንብ ወንዱ ይለዋወጣል?»

መምህራችን ከፊት ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አስነሣ። «አይለዋወጥም» አለች። ደግማ እንድትለው አደረጋት። ከዚያ እጁን እንደ መፈክር አስጯሂ ከፍ አድርጎ አዳራሹን በሙሉ አስባለው፦ «ወንዱ አይለዋወጥም።» እንደገና አስባለው። ወንዶቹ ተማሪዎች እየሳቁ እግራቸውን ይመቱ ነበር። ጓደኛዬ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ቆሟል፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፥ አልዋሽም። አብሬም ጮኼአለሁ። እናቴን ይዤ ባሕር ዳር መቅረቴ ነው ብዬ ነበር።

መምህራችን እጁን አወረደና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ከጎኑ ነበርሽ። ሲሳሳት አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ነግሬዋለሁም።»

«ነግራሃለች?»

ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ። ተነግሮት ያልሰማ ሰው ግትር ይባላል፤ ያልተነገረው ግን የተበደለ ነው። ይህ በልቡ ሲመላለስ ከፊቱ ላይ አነበብሁት።

«አልነገረችኝም» አለ።

ለካስ ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ይኸ ነው። ጠላሁት። ስንት ዘመን አልፎም ያ ፊቱ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

«እንግዲህ ሁለት ጥፋት አግኝተናል» አለ መምህራችን ረጋ ብሎ። «አንዱ አለማወቅ ነው፤ እሱ በምደባ ይታረማል። ሁለተኛው ግለኝነት ነው፤ የጓድን ስሕተት እያዩ ለራስ ጥቅም ዝም ማለት። ይኸኛው ራስን በመንቀፍ ይታረማል። አልነቅፍም ላለ ግን ለእሱም ምደባ አይጠፋም። ሰሜን ሰፊ ነው።»

ተነሥቼ ቆምሁ። ነግሬዋለሁ ብዬ ብጸና ማን ይመሰክርልኛል? የታየችኝ እናቴ ብቻ ናት፤ ግድግዳውን እየዳበሰች በሩን ስትፈልግ። የሚጠበቅብኝ አጭር ቃል ነው፤ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ የሚለው ዓይነት።

«አየሁ፥ አልነገርሁትም» አልሁ። «ቦታውን ለራሴ ስለፈለግሁት ደበቅሁት። ግለኛ ነኝ።»

ተጨበጨበ። ጓደኛዬም አጨበጨበ።

ሰዉ ሲበተን መምህራችንን በር ላይ ጠበቅሁት። «ነግሬው ነበር» አልሁት።

«አውቃለሁ። የዚያን ቀን ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን...»

«እሱ በራሱ ጊዜ ይዋሻል» አለኝ። «አንቺ ስትታዘዢ ነው የምትዋሽ። ለረዳትነት አንቺ ትሻያለሽ።» ይህን ብሎ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጠኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። «እማዬ፥ መቅረቴ ነው፤ የትም አልሄድም» አልኋት። እልል ትላለች ብዬ ነበር። «እንዴት ብለሽ ቀረሽ?» አለችኝ። እናቴን መዋሸት አልችልበትም፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። አንገቷን አቀርቅራ ሰማችኝ።

«አሁን ልጁን ደብቀሽበታል?»

«አልደበቅሁም። ነግሬዋለሁ።»

«ጉባኤው ፊት ምን አልሽ?»

«ደብቄአለሁ አልሁ።»

«እሱሳ?»

«አልነገረችኝም አለ።»

«እንግዲያ ሁለት ምስክር ባንድ ቃል ተስማማ። እኔ ማንን ልመን?»

«እኔን ነዋ፥ ልጅሽን።»

«የትኛዋን? እዚያ የተናገረችውን ነው እዚህ የምትናገረውን? እዚያ ያልሽው እውነት ከሆነ የሰው ልጅ እሳት ውስጥ ማገድሽ። እዚህ የምትይኝ እውነት ከሆነ በራስሽ ነፍስ ላይ በሐሰት መሰከርሽ። እኔ ዓይን የለኝም፤ የምሄድ በሰው ቃል ነው። ጉድጓድ አለ ስትይኝ እሻገረዋለሁ፥ የለም ስትይኝ እረግጣለሁ። ከንግዲህ ምን ብለሽ ትመሪኛለሽ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ» አልሁ። ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

«ለኔ ብሎ የሚዋሽ፥ በኔም ላይ ይዋሻል» አለች። እንባዬን ሰምታለች፤ እጇን ግን አልዘረጋችልኝም።

ጓደኛዬ ወደ ምደባው በሄደ ሰሞን እናቴ ወደ አንበሳሜ የሚመለሱ ገበያተኞች አፈላልጋ ከእነሱ ጋር ሄደች። ለምኛታለሁ፤ እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛታለሁ። ስትወጣ የያዘችው የማታውቀውን ሰው እጅ ነበር። ስንት ዘመን ያኮረፈቻትን እህቷን በአንድ ቀን ይቅር አለቻት። ጓደኛዬ የተመደበባት ከተማ ተያዘች ከተባለ በኋላ ወሬው ጠፋ፤ ወላጆቹ ሰባታሚት ድንኳን ጥለው አለቀሱ። እኔ ልቅሶ አልደረስሁም። ብሄድ ምን እላቸዋለሁ?

ክረምቱ ሲወጣ አንበሳሜ ሄድሁ። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር፥ ከእህቷ ጋር ጥጥ ትፈለቅቃለች፤ ፊቷ ሞላ ብሏል። «እንደምን ዋልሽ፥ እማዬ» አልኋት። እጇ ጥጡ ላይ ቆመ። ድምፄን በሺህ ሰው መካከል የምትለይ ሴት ናት።

ወደ እህቷ ዞረችና «ይች ማን ናት?» አለች።

«ምነው፥ ልጅሽ ናት እንጂ!» አለች አክስቴ ደንግጣ።

እናቴ ጥጧን ወደ መፈልቀቅ ተመለሰች። «መንገደኛ ናት፤ ርቧታል» አለች፥ «የምትቀምሰው ስጫት።»

አክስቴ ምግብ አቀረበችልኝ። እንግዳ አይከራከርምና የሰጡኝን በልቼ፥ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ፥ በከሰዓቱ መኪና ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ።